ወደ ጅቡቲ የተሰናዳው ሻንጣ

ዛሬም ድረስ ሰው ሕፃን ይዞ ቆላ ሊወርድ ሲሰናዳ ሳይ ደሜ ይፈላል። ማንም ሳይጠይቀኝ ገብቼ ምን ምን ያዛችሁ እላለሁ። የወንድሜ ሚስት በዚህ ጉዳይ ትስቅብኛለች። ትሳቅ። የኔን ሻንጣ አላየችውም።

የመጀመሪያ ልጄ ሰባት ወር ሲሆናት የባለቤቴ እህት ከጅቡቲ "ኑና ባሕር እዩ" ብላ ላከችብን። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ የሚያርፈው ክረምት ላይ ነው። ስለዚህ ጉዟችን ክረምት ላይ ሆነ፤ አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ አላሰበም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የጅቡቲ ሰዎች ሙቀቱን ሽሽት ልጆቻቸውን እየያዙ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወጣሉ። እኛም ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ በየመንገዱ እናያቸዋለን፤ ክፍል እናከራያቸዋለን። እነሱ ሸሽተው ሲመጡ እኛ ሻንጣ አንጠልጥለን ወደሸሹት አገር! ባለቤቴ ደግሞ የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ነው።

እኔ ግን ሻንጣውን በደንብ ነበር ያሰናዳሁት። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ጠይቄ፣ የነገረችኝን በወረቀት ጽፌ፣ ሳምንት ሙሉ ስለቅም ነበር። ስስ የሽንት ጨርቅ በብዛት፣ እጅጌ የሌላቸው የጥጥ ካናቴራዎች፣ ክፈፉ ሰፊ ባርኔጣ፣ አጎበር፣ ተቅማጥ ቢይዛት በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ ስኒና ማንኪያ። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በትንሽ ጀሪካን ሞልቼ ክዳኑን በላስቲክ አሰርኩት። ሱፍ የሚባል ነገር አላስገባሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ያሰናዳሁት ነገር የለም።

የምንኖረው ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ፣ ከባለቤቴ እናት ጋር ነበር። በኛ ሰፈር አንድ ሰው ጅቡቲ ሊሄድ ነው ከተባለ ጉዞው የሱ መሆኑ ያበቃል። ጅቡቲ ዘመድ የሌለው ቤት የለምና ሁሉም አደራውን ይዞ ይመጣል፤ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ማር፣ ድርቆሽ። አልወስድም ማለት ነውር ነው፤ ከዚያ በኋላ ቡና የሚጠራሽ የለም። አማቴ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቁም። እኔ በመሄጃችን ዋዜማ እናቴን ልሰናበት ወጣሁ። ስመለስ ሻንጣው በሲባጎ ጥፍንግ ተደርጎ ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል።

"እንደው ለሕፃን አንድ ሙቅ ነገር የሌለበት ምን ዓይነት ሻንጣ ነው?" አሉኝ አማቴ። "ትንሽ ነገር ጨመርኩበት፤ ባሕር ንፋስ አለው አይደል?"

ጎረቤታችን የማር ጣሳዋን ይዛ መጥታ አጠገባቸው ቆማለች። "አላህ ይስጥሽ፤ ወላሂ ለእህቴ ካንቺ በቀር የማምነው ሰው የለም" አለችኝ። ምን ልበል? ፈገግ አልኩ። ውጭ ዝናብ ይወርድ ነበር፤ ልጄም ተጠቅልላ ተኝታለች። በዚያ ብርድ ውስጥ ሆኖ ስለ ሙቀት መከራከር ለኔም እብደት መስሎ ታየኝ።

በማግስቱ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ልጄ ረጠበች። ልቀይርላት ሲባጎውን ፈትቼ ሻንጣውን ከፈትኩ። ከላይ ሦስት የሱፍ ሹራብ፣ የሱፍ ቆብና አራት ላይ የታጠፈ ጋቢ። ከሥር የበርበሬ ፌስታል፣ የድርቆሽ ከረጢት፣ የጎረቤታችን ማር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስፌት፣ የቅቤ ጣሳ። የቅቤ ጣሳው እንዳያፈስ ተብሎ በልጄ የሽንት ጨርቆች ተጠቅልሏል፤ ሁሉም ቅቤ ጠጥተው ቢጫ ሆነዋል። ካናቴራዎቹ የሉም። ጀሪካኑ የለም። ዱቄቱና አጎበሩም የሉም። በኋላ እንዳወቅኩት፣ ቦታ ስላስቸገሩ እዚያው ሐረር መደርደሪያ ላይ ቀርተዋል።

ለባለቤቴ አሳየሁት።

"አቦ ተይው!" አለ። "አንድ ቀን እኮ ነው፤ ማታ እንደርሳለን።"

"ይህን ሁሉ አውጥተን እዚህ አንድ ሰው ጋ እናስቀምጠው።"

"የሰው አደራ? እናቴን ምን ልላት ነው?"

ባቡሩ ሊነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀረዋል። ከጣቢያው ፊት ለፊት አንድ ሱቅ ነበረ፤ በሩ ላይ የሕፃን ካናቴራ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ጀሪካን ተደርድሯል። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ተነስቼ መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልተነሳሁም። እልህ ይዞኝ ነበር። ይሁን፤ ይህን ሻንጣ እንዳለ ይዤ ሄጄ እህቱ ፊት እከፍተዋለሁ፤ ያኔ የእናታቸው ጉድ ይታያል አልኩ። ልጄ ትንሽ ብትቸገር እንኳ ለኔ ምስክር ትሆነኛለች ብዬ አሰብኩ። ቅቤ ከጠጡት ጨርቆች አንዱን ቀይሬላት ሻንጣውን በሲባጎው እንደነበረ መልሼ አሰርኩት።

ባቡሩ በረሃው ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነበር። ከሐረር ለብሳው የመጣችውን ሹራብና ቆብ ላወልቅላት ስል ባለቤቴ መስኮቱን ዘጋ። "ንፋስ እንዳይመታት፤ እናቴ አደራ ብላኛለች" አለ። እኔም እልሄ አልበረደልኝም፤ እሺ፣ እንዳላችሁ ይሁን ብዬ ተውኩት። እኩለ ቀን ላይ ልጄ ጡት መጥባት ተወች። ከዚያ ማልቀስ ተወች። ጨርቋን ስዳስሰው ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው። ቆቧን አውልቄ ራሷን ብነካ እርግብግቢቷ ጎድጉዷል። የያዝነው ውሃ ባለቤቴ ለራሱ የገዛት አንዲት ጠርሙስ ነበረች፤ ካለቀች ቆይታለች።

ከጅቡቲ የሚመጣውን ባቡር ለማሳለፍ አንድ ጭር ያለ ጣቢያ ላይ ቆምን። ያ ባቡር መጥቶ ከጎናችን ቆመ። በሕፃናትና በእናቶች ተሞልቷል። ሕፃናቱ ስስ ካናቴራ ብቻ ለብሰዋል፤ በየመስኮቱ ውሃው እንዲቀዘቅዝ እርጥብ ጆንያ የተሰፋበት ጀሪካን ተንጠልጥሏል። እንዲህ ነው የሚሰናዳው። መስኮታችንን ከፍቼ ልጄን ወደ ላይ አነሳኋት። ትይዩ የተቀመጠች ሴት አየችኝና በሶማሊኛ ጮኸች። ቋንቋውን አላውቅም። የራሷን ልጅ ባዶ ደረት በመዳፏ እየመታች ወደ ልጄ ሹራብ ጠቆመች፤ አውልቂላት ማለቷ ነበር። በሁለቱ ባቡሮች መሃል ተንጠራርታ ጀሪካኗን እንዳለ ሰጠችኝ። ባቡሯ ሲንቀሳቀስም መጮኋን አላቆመችም። ስትሰድበኝ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ደግ አደረገች።

የልጄን ልብስ ሁሉ አውልቄ በተነከረ ነጠላዬ ጠቀለልኳት፤ ውሃውን በጣቴ እያስነካሁ አፏ ውስጥ አንጠባጠብኩ። ጅቡቲ ስንደርስ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የገባነው፤ አራት ቀን ተኛች። ባሕሩን በአምስተኛው ቀን አየሁት። ልብስ ታጥቦበት የቀረ ለብ ያለ ውሃ ይመስል ነበር። ጀርባዬን ሰጠሁት። እህትየው ቤት አደራ ተቀባዮች ሲመላለሱ ሰነበቱ፤ አንዷ ቅቤው ቀልጦ ጎድሏል ብላ ቅር ተሰኘች። ስለ ልጄ የጠየቀ አልነበረም። ባለቤቴ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቃት። እኔ አልጠየቅኩም፤ የማይደገም ነገር ተናገርኳት።

ሐረር ስንመለስ አማቴ በር ላይ ተቀበሉን። ልጄን ከጀርባዬ አወረዱና በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዟት።

"ምነው ቀለለችብኝ?" አሉ።

መንገድ ሙሉ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አወረድኩባቸው። እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ጀሪካኑን፣ ካናቴራውን፣ በልጄ ጨርቅ የተጠቀለለውን ቅቤ፣ ሐኪም ቤቱን፣ አንድም አልቀረኝ። ባለቤቴ ወለሉን ያያል። አማቴ አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ሊከራከሩኝ አልነበረም፣ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው።

"ድሬዳዋ ላይ ሳትሳፈሩ ሻንጣውን አልከፈትሽውም ነበር?"

"አልከፈትኩትም" አልኩ።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ።

"እንግዲያው ልገድላት የነበርኩት እኔ ነኝ" አሉ አማቴ፤ ልጄን መልሰው ሰጡኝና ወደ ጓዳ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። ሁለት ልጆች ጨመርኩ። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ፣ ብርድ በሆነ ቀን እንኳ፣ ለልጆቼ አንዲት ካልሲ ሊያጠልቁ ሲሉ መጀመሪያ ወደ እኔ ዘወር ብለው "ላድርግላቸው?" ይሉ ነበር።