እትዬን ያላስነሣት ወንበር

አናጢው በሠላሳ ዓመት ሥራው እጅ ያሰጠው አንድ ወንበር ነው፤ የታላቅ እህቱ ወንበር። እትዬ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ አንዴ ከተቀመጠች ሰው ካልጎተታት አትነሣም። ልጆቿም "ብቻሽን መኖር ይብቃሽ፤ ቤቱ ይከራይና እኛ ጋ ግቢ" ብለው ቆርጠዋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ለመታገሥ የተስማሙት አናጢው ስለለመናቸው ነው። ሦስት ወንበር ሠራላት። ሦስቱም አላስነሷትም።

የከተማው የዲዛይን ሙዚየም ስለ መቀመጫ ብቻ የሚያሳይ ክፍል ከፍቷል ሲባል ሰማና እሑድ ጠዋት እትዬን በታክሲ ይዟት ሄደ። በሩ ላይ "እባክዎ ይንኩ" ይላል።

"ይኼማ ለአንተ የተጻፈ ነው" አለችው እትዬ። "ከልጅነትህ እጅህ አያርፍም።"

እሱ መች ሰማት! ዐይኑ የሚያርፍበት አጥቷል። አንዱ ጋ መገጣጠሚያው እንዲታይ ለሁለት የተሰነጠቀ ወንበር ቆሟል። መሐል ላይ ደግሞ የመሞከሪያ ወንበር አለ፦ መዘውሩን ሲያዞሩት ከፍ ዝቅ ይላል፣ መቀመጫው ይረዝማል ያጥራል፣ የክንድ ማሳረፊያው ወደፊት ይወጣል። ከእግር በታች ሚዛን ተቀብሯል፤ ሰው ለመነሣት ሲታገል ድካሙ ግድግዳው ላይ በቀይ መስመር ይሣላል።

"መጀመሪያ ቤት ያለውን ያስመስሉት" አለችው አስጎብኚዋ።

ልኩን በቃሉ ያውቀዋል። ዝቅ አደረገው፤ መቀመጫውን አስረዝሞ ጥልቅ አደረገው፤ መደገፊያውን ወደኋላ አጋደመው። አስጎብኚዋ ሳቋ አመለጣት። "የሹም ዙፋን እኮ ነው!"

"ታላቄ አይደለች እንዴ? በክብር ትቀመጥ ብዬ ነው።"

"ሰማሽ ልጄ" አለች እትዬ፣ "በክብር ነው ያሰረኝ።"

ይኼኔ በራለት። ሰው ከወንበር የሚነሣው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ እግሩን ወደኋላ ይሰበስባል፤ ቀጥሎ ደረቱን ወደፊት ይጥላል፤ ክብደቱ ወደ እግሩ ሲዞር ነው መቀመጫውን የሚለቀው። ጥልቁ ወንበር ግን እግሯን እንዳትሰበስብ ከለከላት፤ የተጋደመው መደገፊያ ደግሞ ደረቷን አስቀረባት። እሱ ደግሞ አሻሻልኩ ባለ ቁጥር የሚጨምረው ጥልቀትና ስፖንጅ ነበር!

ከጥልቀቱ ግማሽ ስንዝር ቀነሰ። መደገፊያውን አቀና። አራት ጣት ከፍ አደረገው። እትዬ ተቀምጣ ሞከረች፤ ቀዩ መስመር ሽቅብ ተተኮሰ፤ ትንሽ ብድግ አለችና ዘጭ!

"በቃ፣ ተወው ወንድሜ።"

"ቆይ እትዬ! ክንዱ ነው፣ ክንዱ!" ማሳረፊያውን ከጉልበቷ ፊት ድረስ አወጣው። "አሁን ወደታች ግፊው። አፍንጫሽን ከእግርሽ ጣት አሳልፊ።"

አስጎብኚዋ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች።

"እጅሽን ሰብስቢ!" አለቻት እትዬ፤ አለችና ቆመች። ብቻዋን። ዙሪያዋን ቃኘች፣ ተቀመጠች፣ ደግማ ቆመች። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አጨበጨቡ።

"ለልጆቼ ደውልልኝ። ተከራይ ፍለጋውን ያቁሙት በላቸው!"

አናጢው ግን ተንበርክኮ ከወለሉ እስከ መቀመጫው እየለካ መዳፉ ላይ ይጽፋል። "አንቺ ደውዪ እትዬ፤ እኔ አሁን እጅ የለኝም" አላት ቀና ሳይል።