የኔታን ለማየት የገዛነው ሞተር ሳይክል

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከእስቴ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ፣ እስኪ ይዩልኝ» አለኝ። ከፍቼ አየሁት። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሟል። በፎቶ ያላማረ ሞተር ሳይክል እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

«ጧት በማለዳ ሂድ» አልኩት። «ሰውየው ሳያስነሳው በፊት ድረስበትና እጅህን ሞተሩ ላይ አሳርፍ። ከሞቀ ተመለስ።»

«መሞቁ ምን ክፋት አለው፣ ጋሼ?»

የዚህን ጥያቄ መልስ ለማወቅ እኔና አባቴ የከፈልነውን ማንም እንዲከፍል አልፈልግም። ነገሩን ባጭሩ አስረዳሁትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ያ መንገድ ከዓይኔ አልጠፋም።

ያኔ ገና ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ ደብር ያገለግሉ ነበር። በልጅነታቸው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ገብተው ድጓ ተምረዋል። ትምህርቱን ሳይጨርሱ አያቴ ሞቱና ሞፈር የሚጨብጥ ሰው ስለጠፋ ከቤት ተጠሩ። ቢሰናበቱ መምህራቸው የኔታ እንደማይለቋቸው ስላወቁ፣ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ አኩፋዳቸውን አንግተው ወጡ። ምርቃት ሳይቀበሉ መውጣታቸው ዕድሜ ልካቸውን እንደ እሾህ ሲወጋቸው ኖረ። «ዘንድሮ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይፍቱኝ እላለሁ» ይላሉ። ዘንድሮ እርሻ ይሆናል፣ ለከርሞ የእህቴ ሠርግ ይመጣል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ክረምቱ መንገድ ይዘጋል። እንዲህ እንዲህ ሲባል ተማሪው ራሱ ሸበተ።

ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን ከአርብ ገበያ ከተማ የመጣ አንድ ዲያቆን ወሬ ይዞ መጣ። «የኔታ ደክመዋል። እህል ትተዋል፣ ውኃ ብቻ ሆነዋል» አለ። አባቴ ያን ቀን ጾሙን እንኳ ሳይፈቱ አደሩ። በቅሏችን በክረምቱ ሞታለች። ጉልበታቸው በእግር ያን ያህል አገር አያስኬዳቸውም። ጭነት መኪና የሚገኘው ለገበያ ነው፤ ገበያው ደግሞ ትናንት አልፏል። ሞተር ሳይክል የመግዛት ሐሳብ ስለነበረኝ፣ ከከተማው ሊዛወር ዕቃውን የሚሸጥ አንድ ሠራተኛ እንዳለ ሰምቼ ልሄድ ስነሳ አባቴም ጋቢያቸውን ደርበው ተከተሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» ብላቸው፣

«በቅሎ ስገዛ አንተን ትቼህ ሄጄ አውቃለሁ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በቅሎ ሲመርጥ አገሬው ሁሉ እሳቸውን ያስከትል ነበር። ከሻጩ ግቢ ስንደርስ ሞተር ሳይክሉን እንደ በቅሎ ዞሩት። ጎማውን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉና «ኮቴው አልተበላም» አሉ። እኔም ተምሬያለሁ ባይ መብራቱን አበራሁ፣ ክላክሱን ነፋሁ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረግሁ። ከዚያ አባቴ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉና ቶሎ አነሱ።

«ይሞቃል» አሉ ወደ ሻጩ ዞረው።

«አሁን ወፍጮ ቤት ደርሼበት ገባሁ፣ አባ።»

አባቴ ፊታቸው በራ። ወደኔ ጠጋ ብለው፣ «ታስሮ የዋለ በቅሎ ነው የሚያታልል። ይኸ ተጋልቦ፣ ላቡ ሳይደርቅ ነው ያገኘነው። ጤነኛ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። ቀጥለው ሻጩን የማን ልጅ እንደሆነና ነፍስ አባቱ ማን እንደሆኑ ጠየቁት። የነፍስ አባቱን ስም ሲጠራ «እሳቸውንማ አውቃቸዋለሁ!» አሉና ነገሩ አለቀ። በእኛ አገር ነፍስ አባቱ የታወቀ ሰው ዋስ አያሻውም። ሻጩ ፔዳሉን አንዴ ሲረግጠው ሞተር ሳይክሉ እሺ ብሎ ተነሳ። ዘዴው ይኸው ነበር። ፒስተኑ ተበልቶ ኖሮ፣ ሞቆ ሳለ ይነሳል፣ ከቀዘቀዘ ግን እንቢኝ ይላል። ይህን የነገረን በኋላ ከፍቶ ያየው መካኒክ ነው። ሻጩም ያን ጊዜ አገር ለቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

በማግሥቱ ጧት ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ብረግጥ ብረግጥ አልነሳ አለኝ። ገፍቼ ቁልቁለቱ ላይ ስለቀው እንደ ምንም ተነሳ። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት። አባቴ ጥምጣማቸውን አጥብቀው፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከኋላዬ ተፈናጠጡ። ገብሱ ታጭዷል፣ ስንዴው ተከምሯል፣ ማሳው ሁሉ የደረቀ ገለባ ይሸታል። አባቴ በጆሮዬ ሥር በለሆሳስ ያዜማሉ። ከልጅነታቸው ወዲህ አዜመውት የማያውቁት፣ ያ ሳይጨርሱት የቀሩት ትምህርት መሆኑን በኋላ ነገሩኝ። ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ትከሻዬን ያዙ። «አቁም። አጥፋው።»

በቅሎ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፊት ሳይወርድ አያልፍም። ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ግን ይህ ሕግ ለሞተር ሳይክልም እንደሚሠራ አላሰብኩም ነበር። ወርደው ተሳለሙ። ሞተሩ ትኩስ ስለነበር ወዲያው ተነሳልን። ሚካኤል ስንደርስ ግን ካህናቱ ከቅጽሩ በር ላይ ቆመው አገኙን። ሰላምታው ረዘመ። የከብቱ፣ የአዝመራው፣ የየኔታ ወሬ ተራ በተራ ተነሳ። ስንመለስ ሞተሩ ቀዝቅዟል። ሁለት ካህናት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገፉልኝና በስንት መከራ ተነሳ። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ወደ ጊዮርጊስ ስንቃረብ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለመንኳቸው። «አባባ፣ ይኸ ነገር ከጠፋ አይነሳም። ለዛሬ በልብዎ ይሳለሙ፣ እባክዎ!»

«የኔታ ፊት ስቀርብ መጀመሪያ በየት መጣህ ብለው ነው የሚጠይቁኝ» አሉ። «ጊዮርጊስን እንደ ባዳ እያንጓጓሁ አልፌው መጣሁ ልበላቸው?»

ሳላጠፋው ቆሜ ልጠብቃቸው አሰብኩ፤ እሳቸው ግን «በታቦት ፊት ይኸን ጩኸት!» ብለው ከአጠገቤ አልነቃነቅ አሉ። አጠፋሁት።

ጊዮርጊስ ያለው ረባዳ ላይ ነው። ከፊትም ከኋላም ዳገት ስለሆነ ገፍተው የሚለቁበት ቁልቁለት የለም። ረገጥኩ። እግሬ እስኪዝል ረገጥኩ። አጠገቡ የዘገየ ማሳ የሚያጭዱ ገበሬዎች ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። አንዱ ነዳጅ በዝቶበት ነው አለ፣ ሌላው ካንዴላውን ጥረገው አለኝ። ፈትቼ በሸሚዜ ጠርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አንድ ሽማግሌ ጠበል እንረጨው አሉ፣ ተረጨ። ጉልበት አለኝ ያለ ሁሉ በየተራው ረገጠው። ሞተር ሳይክሉ እየሳለ ዝም ይላል። አንዲት ሴት ቅቅል ድንች በበርበሬ ይዛልን መጣች። አባቴ ሰዓቱ አልደረሰም ብለው እንቢ አሉ፣ እኔ ግን እያፈርኩ በላሁ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እኔን አያዩም፣ ፀሐይዋን ነው የሚያዩት። አልፎ አልፎ ብቻ «እህ፣ ልጄ?» ይሉኛል። «አሁን ይነሳል» እላቸዋለሁ። እንደማይነሳ እያወቅኩ ነው። ከዚያ የሚከፋ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

በመጨረሻ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሱና መራመድ ጀመሩ። ሞተር ሳይክሉን ለአንድ ገበሬ አደራ ሰጠሁት። «እንዳይበርደው» ብሎ ገለባ አለበሰው። የማልስቅበት ቀን ሆኖ ነው እንጂ ያስቅ ነበር።

የአባቴን ጉልበት ዳገቱ ላይ አየሁት። ልዘልዎ ብላቸው ተቆጡ። እኔ ከኋላ፣ እሳቸው ከፊት፣ አሥር ጊዜ እየቆምን ሄድን። ቤተ ልሔም አካባቢ ስንደርስ ፀሐይ ጋደል ብላለች። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ታዩን። የሚያዜም ግን አልነበረም። አባቴ ቆሙ። «የዜማ ተማሪ በዚህ ሰዓት ዝም አይልም» አሉ። ወዲያው ደወሉ ተሰማ።

የኔታ ያረፉት በቀትር ነው። እኛ ጊዮርጊስ በር ላይ ሳለን ማለት ነው። ሲያስታምማቸው የነበረው ደቀ መዝሙር ዓይኑ አብጦ ተቀበለን። እስከ ረፋድ ድረስ አንደበታቸው አልተያዘም፣ የመጣውን ሁሉ እየባረኩ ነበር አለን።

አባቴ አጎንብሰው ጠየቁት። «እኔንስ አንስተው ያውቃሉ? ሳልሰናበታቸው የሄድኩ ተማሪያቸው ነኝ። ከስማዳ።»

ልጁ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «የብዙ ተማሪ ስም ያነሱ ነበር፣ አባቴ። የርስዎን ሲያነሱ ግን አልሰማሁም» አለ።

በማግሥቱ ቀብር ላይ ካህን ናቸውና አባቴም ከካህናቱ ጋር ቆመው ፍትሐት አደረሱ። ድምፃቸው አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ሲመለሱ፣ ከቅጽሩ ውጭ ካለ ወይራ ሥር ተቀመጡና እንደ ሕፃን አለቀሱ። «የሚፈታኝን ሰው ፈትቼ መጣሁ፣ ልጄ» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖሩ። ስለ ሞተር ሳይክሉ አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩም፤ ሻጩንም አልረገሙም። የሚያጽናናቸው ቃል ለማግኘት ብዙ ደከምኩ፤ የማላውቀውን የየኔታን ልብ እኔ ምን ብዬ ልናገር?

ትናንት የእህቴ ልጅ እንደገና ደወለ። በማለዳ ሄዶ፣ ነክቶት፣ ሞቆ አግኝቶት ተመልሷል። «ነፍስ ነው ያተረፉኝ፣ ጋሼ!» አለኝ እየሳቀ። ደስ አለኝ፣ ምን ይዋሻል። ስልኩን ስዘጋ ግን ወደ ሐሳቤ የመጣው ሞተር ሳይክሉም ሻጩም አልነበሩም። ያ ደቀ መዝሙር ነው። «አዎ፣ ያነሱዎት ነበር» ቢል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ናት፤ አባቴ እስኪሞቱ ድረስ በቀን በቀን የሚመገቧት ቃል ትሆን ነበር። እንዲህ ብዬ ልጁን እወቅሰዋለሁ። ወዲያው ደግሞ፣ የኔታ ያሳደጉት ተማሪ እንዴት ይዋሻል እላለሁና ወቀሳዬን እተወዋለሁ።