ጉርሻ ብለው ጉርሻ

ከደካ ወደ ቦንጋ የተዛወርን ጊዜ ባለቤቴ ግምገማ ላይ ተከራክሮ የማይረታ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እኔን ግን ቤት ውስጥ አንድም ቀን ረቶኝ አያውቅም፤ ለዚህ ይሆናል እልሁን በጫኝና አውራጅ ላይ ሊወጣ የፈለገው።

ዕቃችንን የጫነው አይሱዙ አዲሱ የኪራይ ቤታችን በር ላይ ሲቆም፣ በማኅበር የተደራጁ ሦስት አውራጆች መጡ። አለቃቸው ሳቂታ ጎልማሳ ነው፤ አማርኛው ላይ የአገሬው ቋንቋ፣ የካፊኖኖ፣ ቃና አለበት። በዋጋው ከተስማሙ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ጉርሻም አለን አይደል?» አለ፤ ከሂሳቡ በላይ ለእጅ የሚሰጠውን ማለቱ ነው። የባለቤቴ ዓይን ቦግ አለ። «ጉርሻማ አለ! ጠግባችሁ ነው የምትሄዱት!»

ወይ ጉዴ፣ አልኩ በሆዴ። ያ ዓይን ለደግ አይበራም።

እኔ ሐሳቤ ፍራሼ ላይ ነበር። እናቴ ጥጡን በገዛ እጇ ባዝታ፣ ሞልታና ሰፍታ ለሰርጌ የሰጠችኝ ነው። የቦንጋን ዝናብ የቀመሰ ያውቀዋል፤ የጥጥ ፍራሽ አንዴ ከራሰ ወር ቢሰጣም አይደርቅም። መንገድ ላይ ጭቃ እንዳይነካው ብዬ ከሁሉ አስቀድሜ ስላስጫንኩት ደግሞ የሚወርደው መጨረሻ ነው። የመኪናው ሸራ ተገፏል፤ በጫካው በኩል ደመናው እየጠቆረ መጣ።

ሌላው ዕቃ ሁሉ ገብቶ ፍራሹ ብቻ ሲቀር፣ አለቃው ከመኪናው ወረደና፣ «ጋሼ፣ ጉርሻችን?» አለ።

ባለቤቴ ይቺን ሲጠብቅ ነበር። አከራያችን እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ካቀረቡልን ቆጮ ቆርሶ በአይብ ጠቀለለና፣ «በሞቴ!» ብሎ አጎረሰው። ሁለቱን ባልደረቦቹንም አስከተለ። «ይኸው! ጉርሻ አላችሁ፣ ጉርሻ አገኛችሁ» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፍራሼ!» ብዬ ጮህኩ። «በሰው ላብ ይቀለዳል? ስጣቸው!»

«ቀልድ ነው እኮ፣ ምን ያስቆጣሻል» አለኝ። እጁ ግን ወደ ኪሱ አልሄደም።

አለቃው እጁን ታጠበ። ቆጮውን ቆረሰ፤ አይቡን አልፎ ያን የቃሪያ እሳት፣ ዳጣውን፣ እያጠቀሰ ቡጢ የሚያህል ጠቀለለ። «እኛም እናጉርስዎ እንጂ፣ ጋሼ። በሞቴ!»

በሞቴ ተብሎ እምቢ አይባል! ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ጆሮው ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ያ ሁሉ ክርክር አዋቂ ምላስ ድምፁ ጠፋ። አለቃው ሁለተኛውን እየጠቀለለ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባላል አይደል?» አለው። ባለቤቴ በአንድ እጁ በቃኝ እያለ በሌላው ኪሱን ዳበሰ፤ የወጣለትን ብር ሳያየው ሰጠ። አውራጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔስ ብትሉ፣ በገዛ ባሌ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ፍራሹን ለሦስት ተሸክመው እየሮጡ አስገቡልኝ። ደጃፉን ከማለፋቸው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ወለሉ ላይ ሳያስተካክሉት በላዩ ተደፋሁና በመዳፌ ጥግ ጥጉን፣ የእናቴን ስፌት ሳይቀር ዳበስኩት። ያኔ እንባዬ መጣ።

ባለቤቴ የተቃጠለ ምላሱን እያራገበ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ይሄን ያህል ተቀየምሽኝ?»

«ደረቅ ነው» አልኩት።