በቆሙበት የሚዞሩ ምሰሶዎች

እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ይህን ነገር ግን ባሰብኩት ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ ልሞክረው።

በሠፈራው ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ ስንመጣ እኔና ታላቅ እህቴ በተለያየ መኪና ተጫንን፤ ከዚያ ወዲያ ጠፋችብኝ። በኋላ በቶንጎ በኩል ባለ ሠፈራ ጣቢያ በስሟ የምትጠራ ሴት አለች ተባለ። ስሟ ግን የብዙ ሴት ስም ነው። ቤቱን የምጠርግለት የመገናኛ ሬድዮ ሠራተኛ ሴትዮዋን ከሰዓት በኋላ ሬድዮው ላይ እንዲያቀርቡልኝ የዚያን ጣቢያ ሰዎች ለመነ።

ከሬድዮ ቤቱ ጀርባ ድምፁን የሚልኩ፣ ሽቦ የተሸከሙ ምሰሶዎች በመደዳ ቆመዋል። በአገራችን ከተራራ ተራራ የምንጣራው ፊታችንን ወደ ሰውየው አዙረን ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ሊረዱኝ ብለው የዳሩን ምሰሶ ነቅለው ወደ ቶንጎ ማዞር ጀመሩ። ባለሬድዮው ሲያይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ።

“አባቶቼ፣ ምሰሶው አይዞርም። የሚዞረው ሞገዱ ነው።”

ማንም አልገባውም። ወደ ኩሬው ወሰደንና እኛን ልጃገረዶች ዳር ላይ አሰልፎ ውኃውን በመዳፋችን አስመታን። እኩል ስንመታ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከቀኝ ጀምረን እየተከታተልን ስንመታ ግን ወደ ግራ ዘመም አለ፤ እኛ ከቦታችን ንቅንቅ አላልንም። ምሰሶዎቹም እንዲሁ ናቸው አለን፤ ሳጥኑ ላይ ያለውን ማዞሪያ ሲያዞር መልእክቱ አንዱ ምሰሶ ጋ ቀደም፣ ሌላው ጋ ዘግየት ብሎ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሞገዶቹ በአንድ አቅጣጫ ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ይጠፋፋሉ። አንድ ሽማግሌ “እስቲ ደግሞ ከግራ” ብለው ገቡና እስከ ወገባቸው ራሱ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ምሰሶው ተመልሶ ከመደዳው ገባ። ባለሬድዮው ማዞሪያውን ወደ ቶንጎ አዞረው። የሬድዮው ጩኸት ረገብ ሲል የሴት ድምፅ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። መነጋገሪያውን ሰጠኝ። ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ተጨናንቆ ያየኛል፤ እኔ አፍሬ ምላሴ ታሰረ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ትንፋሼ ብቻ ሄደ። ደግሜ ተጫንኩ፣ አሁንም ትንፋሽ። ከወዲያ ሳቅ መጣ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ።

“ሌላ ምልክት አልፈልግም” አለች። “ተናገሪ ሲሏት እንዲህ አፏን የምትዘጋ የእናቴ ልጅ ብቻ ናት። አንቺው ነሽ።”