ሁለቴ የማይጠየቅበት አገር

ከቤት የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ታክሲው በር ላይ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል፤ አማቴ ደግሞ ሳህን ይዘው ይከተሉኛል። «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» «እማማ፣ ጠግቤያለሁ፣ እዚህ ድረስ ነው» ብዬ ጉሮሮዬን ባሳይ ማን ሊሰማኝ። «አፈር ስሆን!» ብለው ጎረቤት ሁሉ እያየ አጎረሱኝ። ባለቤቴን ታደሰን «ደህና ሁን» ልለው ስል አፌ ሙሉ ነበር። የአራት ዓመቷ ልጃችን ሶስና ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ብላ፣ አባቷ በግድ አነሳት። «ሦስት ወር ብቻ ነው» አልኳት። ይኸው ፈረንጅ አገር አራት ዓመት ሆነኝ።

የመኖሪያ ወረቀቱን እንዴት እንዳገኘሁ ልጻፍ ብል መጽሐፍ ይወጣዋል፤ እሱን በአካል ስንገናኝ ጠይቁኝ። የዛሬው ወሬዬ ከወረቀቱ በኋላ ስለመጣው ጣጣ ነው። ወረቀቱ ሲወጣልኝ በቃ አለቀ ብዬ፣ እልልታዬን አቅልጬ፣ ባሌንና ልጄን ላስመጣ ማመልከቻ ይዤ ወደ ስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ድምጿ እሹሩሩ የምትል ነው የሚመስለው።

«ስንት ክፍል አለሽ?» አለችኝ።

«አንድ።»

«ያንቺ ነው?»

«የእትዬ አስካለ ነው።»

እትዬ አስካለ በደርግ ጊዜ ተሰደው የመጡ ጡረተኛ ናቸው። አካላ በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር፣ የሰማያዊው ባቡር መጨረሻ ላይ፣ ካላቸው ሦስት ክፍል አንዱን አከራይተውኛል።

«ባልሽና ልጅሽ ሲመጡ የት ይተኛሉ?»

«ከእኔ ጋር ነዋ! የት ሊተኙ ኖሯል?»

ልጅቷ አልሳቀችም። በዚያው የእሹሩሩ ድምጿ፣ ለሦስት ሰው ሁለት ክፍልና ኩሽና፣ በስሜ የተጻፈ ውል ያለው፣ ያስፈልጋል አለችኝ። እኔና ታደሰ ስንጋባ የተከራየናት ቤት አልጋውን ካስገባን በኋላ በሯ አልዘጋ ብሎን እንደነበር ልነግራት ፈለግኩና ተውኩት። ለቤት ደግሞ ወረፋ አለ። «አንቺ ተራሽ እስኪደርስ ሶስና አያት ትሆናለች» ብለው እትዬ አስካለ ሳቁብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የልጄ የፊት ጥርሶች ወልቀው ሲበቅሉ ያየሁት በስልክ ነው።

በዚህ መሀል ነው ጉኒላ ቅዳሜና እሑድ ገጠር ልውሰድሽ ያለችኝ። ሶልና የሚባል ሰፈር ያለ ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ አብረን ነው የምንሠራው። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወር ነው የቀራት፤ አገር ቤት ቢሆን አንቱ እላት ነበር፣ እዚህ ግን አለቃውም አንተ ነው የሚባለው። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ድንች ስንልጥ ስለ አየር ጠባይ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም። ብቻ ከዕለታት አንድ ቀን «ሶመርስቱጋ አለኝ፣ ትመጫለሽ?» አለችኝ። የበጋ ቤት ማለት ነው። እኔም የበጋ ቤት ሲባል ቪላ መስሎኝ፣ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩላችሁ።

ባቡሩ ሶደርተልየ የምትባል ከተማ አደረሰን። ከዚያ አውቶቡስ ያዝን። ከአውቶቡስ ወርደን ደግሞ ጭቃ። ጉኒላ የላስቲክ ቦቲዋን አውጥታ አደረገች። እኔ በተረከዜ ጭቃውን እየበሳሁ ተከተልኳት። ቤቱ አንዲት ቀይ የእንጨት ጎጆ ናት። ውኃ? ከጉድጓድ በባልዲ ይቀዳል። ምድጃው? በእንጨት ነው፣ እንጨቱም ይፈለጣል። ሽንት ቤቱ ደግሞ ውጪ፣ ዛፍ ሥር፣ ጉድጓድ! ወይ ጉድ፣ አልኩ በልቤ፣ ይሄንን ሽሽት አይደል እንዴ ባሕር የተሻገርኩት? ከሰኞ እስከ ዓርብ ሞቅ ባለ ውኃ የሚታጠብ ሕዝብ፣ ቅዳሜ ሲደርስ ችግርን ፍለጋ ጫካ ይገባል። ጉኒላ ባልዲውን ይዛ «ደስ አይልም?» ስትለኝ፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ጄሪካን ይዤ ስሰለፍ ያደግኩት ሴትዮ «በጣም!» አልኳት።

ምሽት ላይ የሳልሞን ዓሣ ሾርባ ሠራች። ሽታው ብቻ ያጠግባል። «ርቦሻል?» አለችኝ።

«ኧረ አልራበኝም» አልኩ፣ እንደ ወጉ።

«ኦኬይ» አለችና ለራሷ ብቻ ቀድታ መብላት ጀመረች።

ጠበቅኩ። አሁን «ትንሽ እንኳ» ትላለች፣ አሁን ሳህኑን ትገፋልኛለች እያልኩ ዓይን ዓይኗን አያለሁ። እሷ ጠጣችው፣ ድስቱን ከደነች፣ «ደህና እደሪ» ብላ ገባች። እትዬ አስካለ ለመንገድ ብለው የሰጡኝ ቆሎ ቦርሳዬ ውስጥ ባይኖር ኖሮ እዚያው እቀር ነበር፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እየቆረጠምኩ ተኛሁ። ጠዋት ጉኒላ ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ «አይጥ ገብቷል መሰለኝ፣ ሲቆረጥም ሰማሁ፤ ወጥመድ እናድርግ» አትለኝም መሰላችሁ! እሑድ ከሰዓት ቤት ስገባ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች አንዴ ነው የሚጠይቁት» አሉኝ። «ንፉግ ሆነው አይደለም። አልፈልግም ያልሽውን እንዳትገደጂ ብለው ነው። እኔ በበረሃ ስመጣ ያልከሳሁትን እዚህ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሰው ቤት እየተጋበዝኩ ከሳሁ።»

ነገሩ ገባኝ፤ ቢያንስ የገባኝ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ጉኒላ ስትወስደኝ ቦቲ ገዝቼ፣ ይሉኝታዬን አካላ ጥዬ ነው የሄድኩት። ገና «ትበያለሽ?» ስትል «ያ!» ነው መልሴ፣ አዎ በእነሱ አፍ። ቀረፋ ያለበት ዳቦዋን ሦስት በላሁባት። በዚያ ቅዳሜ እንጉዳይ ለቀማ ጫካ ገባን። እኔ የማውቀው የጅብ ጥላ የሚባለውን ነው፤ የነካ እጅ እንኳ ይታጠባል ተብዬ ነው ያደግኩት። ጉኒላ ግን አንዲት ገደል ሥር ወስዳ ቢጫ ቢጫውን አሳየችኝና፣ «ይሄንን ቦታ ለወንድሜም አላሳየሁትም» አለችኝ። ለጅብ ጥላ ይሄ ሁሉ ምስጢር! ሳቄን ዋጥኩት። እዚህ አገር ሰው የእንጉዳይ ቦታውን ካሳየሽ ቤተሰብ አድርጎሻል ማለት እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ማታ ጠረጴዛ ላይ እንጉዳዩን በብሩሽ እያጸዳን ሳለ፣ ቀና እንኳ ሳትል እንዲህ አለች፦ «ጡረታ ስወጣ እዚህ ጠቅልዬ ልገባ ነው። የሶልናው ቤቴ ሁለት ክፍልና ኩሽና ነው። ለሁለት ዓመት በውል ለሌላ ሰው እንዳከራየው አከራዮቼ ፈቅደውልኛል። አንቺ ትፈልጊዋለሽ?»

ሁለት ክፍልና ኩሽና! በውል! ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ታዲያ ከአፌ የወጣው ምንድን ነው? «ኧረ ጉኒላ፣ አይሆንም! እንዴት እንዲህ አስቸግርሻለሁ!»

«ኦኬይ» አለችና ሌላ እንጉዳይ አነሳች።

አትፍረዱብኝ። ዳቦ ዳቦ ነው፤ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ቤቱን ያህል ነገር ሲሰጥሽ በአንድ ቃል ላፍ ማድረግ ስግብግብነት አይመስልም? ትደግመዋለች ብዬ ያን ምሽት ጠበቅኩ። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ጠበቅኩ። ሰኞ ድንች እየላጥን ጠበቅኩ። እሷ ስለ አየር ጠባይ ታወራለች። ራሴ እንዳላነሳው ይሉኝታ ያዘኝ። ዓርብ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ ሳለ ማሪያ የምትባለው የሥራ ባልደረባችን፣ «ጉኒላ ቤቷን እኔ እንድከራየው ጠይቃኛለች፤ ከጓደኛዬ ጋር ተማክሬ እሑድ እነግራታለሁ» ስትል ሰማሁ። ጉኒላ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ፈቃድ ወጥታ ጫካዋ ገብታለች፤ ቤቷ ውስጥ ስልክ አይሠራም።

እትዬ አስካለ ስነግራቸው አሁን አልሳቁም።

«ቤት ሰጠችሽና አይሆንም አልሻት?»

«ትደግመዋለች ብዬ እኮ ነው!»

«ወይኔ! አሁን ምን ቁጭ አድርጎሻል? ነገ በጠዋት ሂጂ!»

«ሳልነግራት? እዚህ ሳይደውሉ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነው።»

«እሷ ያንቺን ይሉኝታ አላወቀችልሽም፤ አንቺ የሷን ነውር ማወቅሽ ለምን ሊበጅሽ ነው? ሂጂ ብያለሁ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ዝናቡ ያካፋል። ጉኒላ በመጥረቢያ እንጨት ስትፈልጥ አገኘኋት፤ ስታየኝ መጥረቢያውን ጣለችው።

«ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። ቤቱን እፈልገዋለሁ።»

«አልፈልግም ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«አይሆንም ነው ያልኩሽ። አዎ ማለቴ ነበር።»

ዝናቡ ላይ ቆማ ትክ ብላ አየችኝ። «አዎ ለማለት አይሆንም አልሽ?»

«መጀመሪያ ላይ ነው እንጂ! ሁለተኛ ብትጠይቂኝ ትንሽ እግደረደር ነበር፣ በሦስተኛው እሺ እል ነበር።»

«ሦስቴ? ሰው ይሄን ሁሉ ጊዜ ከየት ያመጣል?» ይህንን ስትል ከምሯ ነው። ቀጥላ «ግን ለምንድን ነው የፈለግሽው? ክፍል አለሽ አይደል?» አለችኝ።

«ልጄን ላመጣበት ነው» አልኩና እዚያው ጭቃው ላይ እንባዬ ቀደመኝ።

«ልጅ አለሽ?» ጉኒላ አፏን ያዘች። «ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«የሰው የግል ጉዳይ አይጠየቅም» አለች ቀስ ብላ። አፍራ ነበር። ትከሻዬን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝና፣ ሳትጠይቀኝ ሾርባ ቀዳችልኝ።

ግን ለማሪያ ቃል ሰጥታለች፤ ቃሏን ደግሞ አታጥፍም። «እሷ አዎ ካለች የእሷ ነው፤ አዝናለሁ» አለችኝ። እንግዲህ እዚያው አደርኩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ማሪያን አልጠላኋትም፤ ብቻ ከጓደኛዋ ጋር እንዲጣሉ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጸለይኩ። እሑድ ከሰዓት ስልክ የሚሠራበት አንድ ቋጥኝ ሐይቁ ዳር አለ፣ እዚያ ወጣን። መልእክቱ ገባ። ጉኒላ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ እኔ ፊቷን አነባለሁ፣ ፊቷ ላይ ደግሞ ምንም አይነበብም።

«አልፈልግም ብላለች» አለችኝ። «ሂሩት፣ ቤቱን ትፈልጊያለሽ?»

«አዎ!»

«ትፈልጊያለሽ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ!»

«ሦስቴ ነው አይደል? ትፈልጊያለሽ?» አለችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ስትስቅ ሰማኋት። አቀፍኳት። እንደ እንጨት ደርቃ ቆመች፤ ቆይታ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ።

እዚያው ቋጥኙ ላይ ሆኜ ለታደሰ ደወልኩ። ጉኒላ ቋንቋውን እንደማትሰማ እያወቀች፣ የግል ጉዳይ ነው ብላ ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«ቤት አገኘሁ! ሁለት ክፍልና ኩሽና፣ በውል!»

«እሰይ! እሰይ!» አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ «ብቻ አንቺ እንዳትቸገሪ። እኛ ደህና ነን፣ አትቸኩይ» አለኝ።

እሺ ልለው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የምንባባለው ይህንን ነው። «እንዴት ናችሁ?» እለዋለሁ፣ «ደህና ነን፣ አታስቢ» ይለኛል፣ «ተመስገን» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ እገባለሁ። ለአንድ ሳህን ሾርባ ሁለተኛ ጥያቄ ስጠብቅ ቆሎ ቆርጥሜ ያደርኩት ሴትዮ፣ የገዛ ባሌን ሁለቴ ጠይቄው አላውቅም።

«ታደሰ፣ አንተ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«እሱን ሰማሁ። እንዴት ነህ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ደክሞኛል» አለኝ። «ሶስና ሲያማት ብቻዬን መሆን ደክሞኛል። ሰው ‘መቼ ነው የምትመጣው?’ ሲለኝ መዋሸት ደክሞኛል። እማዬም ደክመዋል። አልነገርኩሽም እንጂ በጣም ደክሞኛል፣ ሂሩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?» ልለው ስል ዋጥኩት።

«አሁን ወረቀቱ ስንት ወር ይፈጃል?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። ልዋሸው እችል ነበር፤ ግን እውነት አላውቅም።

«እሺ» አለ። እሺ ካለም በኋላ ስልኩን አልዘጋውም፤ እኔም አልዘጋሁትም።

«እኔም ደክሞኛል» አልኩት።