የአባቴ ቀኝ አውራ ጣት

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ጌም ተጫዋች ሆኛለሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። የማስተምረው በጠዋት ፈረቃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለኝ ሥራ ስትሮክ የመታውን አባቴን መጠበቅ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ የተጫወትኳቸው ጌሞች ቢቆጠሩ ከተማሪዎቼ አላንስም። ታዲያ አብዛኞቹን ለደስታ ብዬ አልነካኋቸውም፤ የአባዬን ቀኝ እጅ ለመመለስ ነበር። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያደረግኩትን ስትሰሙ ሲጀመር ክፉ ሐሳብ እንዳልነበረኝ እንድታውቁልኝ ነው።

ነገሩን ያመጣችው የፊዚዮቴራፒ ሐኪሟ ነች። መጀመሪያ እንዲጨብጠው ለስላሳ ኳስ ሰጥታው ነበር፤ አባዬ ሁለቴ ጨበጥ አድርጎ ትራሱ ሥር ይወሽቀዋል። ምስር እንዲለቅም ብትነግረው እንደ ስድብ ቆጠረው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ፣ አውራ ጣቱ ካልሠራ ሌላው ጣት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ለምን ጌም አታጫውተውም አለችኝ። ሳቄ መጣ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። በእኛ ቤት ጌም የሚለው ቃል ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ተነስቶ አያውቅም።

የምንኖረው ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ነው። አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሹፌርነቱ በላይ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ጴንጤ ቤት ያደገ ሰው የሽማግሌ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ ዓይኑ አንተ ላይ ነው። እኔ በወጣት መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። ድምፄ ያምር ነበር፤ ሌላ ሰው ስለማይናገርልኝ እኔው ልናገረው። ከዳገቱ ግርጌ ደግሞ አንድ ጌም ቤት ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ አንድ ረቡዕ ከጸሎት ፕሮግራም ቀርቼ እዚያ የኳስ ጌም ስጫወት አንዲት እህት አየችኝ። የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ያነሳው ግን እሷ አይደለችም፣ ራሱ አባዬ ነው። ሌሎቹ ልጅ ነው፣ ምከረውና ተወው ብለውት ነበር አሉ። እሱ፣ ከራሴ ቤት ካልጀመርኩ በማን ቤት ገብቼ ልናገር ነው ብሎ ተሟገተ።

እሁድ ጠዋት ምእመኑ ሁሉ ባለበት አቆሙኝ። ማይክሮፎን ሰጡኝ። የእግዚአብሔርን ሰዓት በጌም አባክኛለሁና ይቅር በሉኝ አልኩ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ያሉ እኩዮቼ ሲስቁ ሰምቻለሁ። ስድስት ወር ከመዘምራን ታገድኩ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ተመለስ አሉኝ፤ አልተመለስኩም። ከዚያ ወዲህ አንድ መዝሙር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለዚህ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ኩርፊያ የሚለኝ ሰው አለ። አዎ፣ ለዚህ ነው። ይሄን የሚለኝ ሰው እዚያ አልቆመማ።

እንግዲህ ከአባዬ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ቀን በድዬሃለሁ እንዲለኝ። ምርቃት አልፈለግኩም፣ ቤት አውርሰኝ አላልኩም። ስትሮኩ ጥሎት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ አፉ ተይዞ ነበር፤ ይሄን ሳይለኝ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ኮሪደር ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሰዎች አባቱን የሚወድ ልጅ ብለው አጽናኑኝ።

አፉ ተፈታ። እጁ ግን ቀረ። ስለዚህ ያገለገለ ጌም ከነሁለት ጆይስቲኩ ገዝቼ ቤት ገባሁ። አባዬ ሲያየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሐኪሟ ያዘዘችው ነው አልኩት። ትንሽ ቆይቶ፣ ሐኪም ካዘዘውማ መድኃኒት ነው አለ። እንዲህ ነው አባዬ፤ ለራሱ ሲሆን መውጫ አያጣም።

በመኪና ጌም ጀመርን። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ስለሆነ ይቀለዋል ብዬ ነው። ለካ ተሳስቻለሁ። ውድድር ላይ ቀይ መብራት ሲያይ ይቆማል። ከኋላ የሚመጡት ገጭተውት ሲያልፉ፣ ለእነዚህ መንጃ ፈቃድ የሰጣቸው ማን ነው እያለ ይቆጣል። ጌሙ ደግሞ ሌላ መኪና ለጥቂት ስቶ ላለፈ ነጥብ ይጨምራል፤ ይሄን ሲያውቅ ጭራሽ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ ጣለው። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው፣ መኪናው ላይ ግን አንድ ጭረት አይታይም። እኔም ቶሎ ሰለቸኝ። መንገዱ ጉድጓድ የለው፣ ትራፊክ አያስቆምህ፤ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ማን ቢሆን አይፈጥንም?

ቀጥሎ የእርሻ ጌም አመጣሁ። አባዬ የተወለደው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ገበሬ ቤት ነው፤ ዛሬም ሲናደድ የሚናደደው በኦሮምኛ ነው። በዚህ ጌም ዘርተህ ዞር ስትል በቅሎ ይጠብቅሃል፤ በሬ አይታመም፣ በረዶ አይመታው። በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመና፣ ይሄን የሠራው ሰው እርሻን በመኪና መስኮት ነው ያየው አለኝ። እውነቱን ነው። እኔን ደግሞ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ውኃ ስታጠጣ ጎበዝ ይልሃል፣ በር ስትከፍት ጎበዝ ይልሃል። በእኛ ቤት አንዲት ጎበዝ ለመስማት ስንት ዓመት አንገቴን እንዳሰገግኩ እያሰብኩ ደሜ ፈላ። ጌም ላይ ሰው እንዴት ይቀናል? ቀናሁ።

ተማሪዎቼ ያደነቁልኝን የተኩስ ጌም እሱ ቀን ሲተኛ ብቻዬን ሞከርኩት። ሳምንት ሙሉ ገደልኩ። ሲያልቅ ምንም አልተሰማኝም፤ ያ ምንም አለመሰማቱ አስፈራኝና አጠፋሁት።

አባዬን የያዘው የእግር ኳሱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጆይስቲኩ ሲንቀጠቀጥ ይደነግጥ ነበር፤ ጎል ሲገባበት እጅህ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ከዚያ ለመደው። አውራ ጣቱ መጀመሪያ እንደ እንጨት ነበር፤ በወሩ ኳስ ማቀበል ጀመረ፣ በሦስት ወሩ መታ። እለቅለት ነበር፣ አልደብቅም። በረኛዬን አስወጣለሁ፣ ተከላካዬን አሳስታለሁ፣ ሦስት ለሁለት ተሸንፌ እበሳጫለሁ። ሲያሸንፍ ዓይኑ ይበራና፣ ሽማግሌ ነው ብለህ ናቅከኝ አይደል ይለኛል። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን ይበላው ነበር። አሁን ይለኛል፣ ዛሬ ይለኛል እያልኩ እጠብቃለሁ። ያ ጌም ቤት እንደዚህ ያለ ነገር ነበር እንዴ ቢለኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር። አላለም።

ሐሙስ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ወንድሞች ሊጸልዩለት ይመጣሉ። በሩ ሲንኳኳ አባዬ ጆይስቲኩን ጋቢው ሥር ይከተዋል፤ እኔ ቴሌቪዥኑን ወደ መዝሙር ጣቢያ እቀይራለሁ። ቀይር ብሎ የሚጠቅሰኝ እሱ ነው። እኔን በአደባባይ ያቆመ ሰው በገዛ ቤቱ ጆይስቲክ ሲደብቅ ሳይ እንዴት እንደምደሰት አልነግራችሁም። አንድ ሐሙስ ግን፣ እሱ ብቻውን ከማሽኑ ጋር ሲጫወት፣ ቸኩዬ ጌሙን ሳላቆመው ጣቢያውን ቀየርኩ። ወንድሞች ገብተው ጸሎት ተጀመረ። መካከል ላይ፣ ለካ ጎል ገብቶበት ኖሮ፣ ጋቢው ሥር ያለው ነገር ተንዘፈዘፈ። አባዬ ደንግጦ ሊያፍነው ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ጋቢው በግልጽ ተርገፈገፈ። አንደኛው ወንድም ዓይኑን ገልጦ አየ። እጁ ተንቀሳቀሰ፣ ጌታ እየነካው ነው ብሎ ጮኸ። ሦስቱም እንባቸው መጣ። ጋቢው ሲነሳ ነገሩ ይወጣል ብዬ ስጨነቅ፣ አባዬ ቀስ ብሎ ቀኝ እጁን ብቻ አወጣና ጣቶቹን ዘረጋ፣ ጨበጠ። ሃሌ ሉያ ተባለ።

ከሄዱ በኋላ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከአባቴ ጋር እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሳቁ ሲበርድ ግን፣ እሁድ ምስክርነት ስጥ ብለውኛል አለ። ምን ልትል ነው አልኩት። የሆነውን ሁሉ እናገራለሁ አለኝ። ሁሉ። እኔ ሞኙ ይቺን ቃል ሦስት ቀን ሙሉ ይዤያት ዞርኩ። ሁሉን ሊናገር ከሆነ እኔም አለሁበት ማለት ነው። ያ ሕዝብ፣ ያ ማይክሮፎን። ቅዳሜ ሸሚዜን ራሴ ተኮስኩ። ስንት ዓመት ያልረገጥኩት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ።

አባዬ ቆመ። ቀኝ እጁን አነሳ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሐኪም እንዳልቻለው ተናገረ። በጸሎት መካከል እጁ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ተናገረ። ከዚያ፣ «የማንም ሰው እጅ የለበትም፤ ጌታ ብቻውን ነው ያደረገው» አለ። ይሄን ሲል እኔ ወዳለሁበት አላየም። ጌታ አልረዳውም አልልም፣ እሱን ለጌታ ልተወው። ግን ስንት ከሰዓት በኋላ አጠገቡ የተቀመጠው ማን ነበር?

ቤት ገባን። በላን። አባዬ እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጆይስቲኩን አነሳና፣ ና እንጂ አለኝ። ምንም እንዳልተፈጠረ። ለምን አልተናገርክም አልኩት።

«በእግዚአብሔር ቤት ቆሜ በጌም ዳንኩ ልበል? ሰው ምን ይላል?»

«እኔን ስታቆመኝስ ሰው ምን አለ?»

የረሳው መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን እንዳልረሳው ገባኝ። «ያኔ ልጅ ነበርክ» አለ። «ተረስቷል።»

ተቀመጥኩና ጨዋታውን ከፈትኩት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁለት አገባሁበት። ዛሬ ቀንቶሃል አለ እየሳቀ። ሦስት፣ አራት። መሳቁን አቆመ። አውራ ጣቱ እየደከመ ሲሄድ፣ ኳሱን መያዝ ሲያቅተው አየዋለሁ፤ አልተውኩትም። ጆይስቲኩ በእጁ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፣ እኔ አገባለሁ። ዘጠኝ ለባዶ አለቀ።

«እስከ ዛሬ እየለቀቅክልኝ ነበር?»

ያኔ አይ፣ ዛሬ ደክሞህ ነው ማለት ይቻል ነበር። አፌ ላይ መጥቶም ነበር።

«አዎ» አልኩት። «አንድም ቀን በራስህ አሸንፈህ አታውቅም።»

ጆይስቲኩን በግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አልተቆጣም። በኦሮምኛ ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ ነበር። ደከመኝ፣ ጋደም ልበል ብሎ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ጆይስቲክ ነክቶ አያውቅም። ለመንኩት። እኔ ነኝ የዋሸሁህ፣ ተናድጄ ነው፣ እውነትህን ነበር የምታሸንፈኝ አልኩት። እሺ፣ ነገ ይለኛል። መኪናውን እንንዳ አልኩት፣ ያንን የማይረባ እርሻ እንኳ አመጣሁለት፤ ነገ ይላል። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ያያል። እጁ ጭኑ ላይ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ጣቶቹ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመሩ። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ የተፈወሰ ሰው ነውና የሚጠይቀው ሰው ቀንሷል፤ ወንድሞችም ሐሙስ መምጣታቸውን ትተዋል።

ባለፈው ሰሞን ለክትትል ወሰድኩት። ሐኪሟ እጇን እንዲጨብጥ አዘዘችው፤ ጨበጠ፤ ፊቷ ተለወጠ። አባባ፣ ምን ሆኑ፣ በጣም ጥሩ ላይ ደርሰው ነበር እኮ አለች። ልምምዱን አቁመዋል እንዴ ብላ ጠየቀችና ዓይኗን እኔ ላይ አደረገች። ይናገር ብዬ ጠበቅኩ፤ መናገር መብቱ ነው።

«እሱን አትይው» አላት አባዬ። «ልጄ ሁልጊዜ ና እንጫወት ይለኛል፤ እኔ ነኝ የሰነፍኩት።»

ሐኪሟ ይሄንኑ ወረቀቱ ላይ ጻፈች። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገርኩም።