የታላቅ ወንድም ፊርማ

ታናሽ ወንድሜ ታስሮ ሳለ ሞተ። «ታሞ ነው» አሉን፤ ገላውን ስናጥብ ግን ጀርባውን አይተናል። ተጠያቂ ይገኝልን ብለን ከታችኛው ፍርድ ቤት እስከ ሰበር ተንከራተትን። በሚያዝያ ሰበርም መዝገቡን ዘጋው። ከዚያ በኋላ የቀረን ከአገር ውጭ ያለው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ብቻ ነበር።

ከቤታችን ሕግ የተማርኩት እኔ ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ጥብቅና እሠራለሁ። አቤቱታውን በሁለት ሳምንት ጽፌ ጨረስኩ። የኮሚሽኑ ደንብ፣ ከመጨረሻው የአገር ቤት ውሳኔ በኋላ «በተገቢው ጊዜ» ይቅረብ ይላል እንጂ ቀን አይቆርጥም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ግን ስድስት ወር እንዳታሳልፍ ብለውኛል። እስከ ጥቅምት ማለት ነው።

የቀረው ፊርማ ነበር። በእኛ ቤት ታላቅ እያለ ታናሽ በቤተሰብ ጉዳይ ቀድሞ አይፈርምም። አባታችን ካረፈ ወዲህ ታላቃችን ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ወንድማችን ነው። ስደውልለት «ለመስቀል መምጣቴ አይደል? በእጄ እፈርማለሁ፣ ጠብቁኝ» አለኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ስለ ስድስቱ ወር ነገርኩት፤ ግን ታናሽ ለታላቁ እንደሚናገረው፣ ቀስ ብዬ ነው የነገርኩት። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ጠረጴዛ እመታ ነበር።

ለመስቀል አልመጣም፤ የመኖሪያ ወረቀቱ አልታደሰለትም። ለገና እመጣለሁ አለ። ለፋሲካ መጣ። ሽማግሌዎች ባሉበት ተረጋግቶ ፈረመ፤ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። ለምን እንደዘገየን የሚያስረዳ አንድ ገጽ መጨመር ነበረብኝ። «የቤተሰቡን ታላቅ ስንጠብቅ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ በመጨረሻ እንደተጻፈ ተውኩት፣ እውነት ነውና።

መልሱ ባለፈው ክረምት በኢሜይል መጣ። ያለ በቂ ምክንያት ዘግይቶ ስለቀረበ ተቀባይነት የለውም ይላል። አነበብኩት። አልከፋኝም፣ አልተናደድኩም። ፕሪንት አድርጌ ክላሰር ውስጥ ከተትኩት። ከሰዓት በኋላ የሌላ ሰው የመሬት ክርክር ነበረኝ። ሄጄ ተከራከርኩ፤ ረታሁም።

ቅዳሜ ወደ ትውልድ ቦታችን ፎንቆ፣ እናታችን ዘንድ ወረድኩ። በረንዳ ላይ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሀዲይኛ ነገርኳት።

«ገድለውታል አሉ ወይስ አልገደሉትም አሉ?» አለችኝ።

«ነገሩን አላዩትም እማዬ። ዘግይታችኋል ነው ያሉት።»

«ምን ስንጠብቅ?»

«ጋሼ እስኪፈርም።»

በቆሎዋን አስቀመጠች።

«እናት መፈረም አትችልም?»

በሕጉ ትችላለች። ያን ሁሉ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ፣ እዚሁ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ያቀረበችልኝን በልቼ እመለስ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ሐሳቡም ውል አላለኝም።

«ትችያለሽ» አልኳት።

ፊደል አልቆጠረችም። የበቆሎ አቧራ የለበሰውን አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ይሄ እኮ የትም አልሄደም ነበር» አለች።